በአፋርኛ የሰማሁት መርዶ

ክረምት ሲመጣ ወደ ባሰ ሙቀት የሚሄድ ቤተሰብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የእኛ እንደዚያ ነበር። የምንኖርበት አዋሽ ሰባት ኪሎ ራሱ ቀዝቃዛ አገር አይደለም። እናታችን ግን ትምህርት ቤት እንደተዘጋ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ናቲን አውቶቡስ ላይ ጭና፣ ከአሳይታ ወዲያ ሐይቁ ዳር ወዳለው ካምፕ ትልከናለች። ጎረቤቶቿ «ሰው ልጁን ለእረፍት ደሴ ይልካል፤ አንቺ እሳት ውስጥ ትከቻለሽ» እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷም «እሳቱ ዳር ውሃ አለ» ትላቸዋለች። ጣቢያው አጠገብ ከአባዬ ጋር ሆና ለመንገደኛ ምግብ የምትሸጥበት ትንሽ ቤት ነበረቻት፤ እኛ ከእግሯ ሥር ዞር ስንልላት ሥራዋን በሰላም ትሠራለች።

ካምፑ የድሮ የጥጥ እርሻ ሠራተኞች ሰፈር ነው። እርሻው ከቀረ ቆይቷል። የተረፉት ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ ከፍ ያለ የውሃ ታንከር፣ አንድ አሮጌ ፓምፕና ፓምፑን የሚጠግነው አጎቴ ጌታቸው ነበሩ። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ሚስቱን እትዬ ሀሊማን ያገባት ከሁለቱም ወገን ቁጣ ተርፎ ነው፤ እሷ የወሎ እስላም፣ እሱ ክርስቲያን። ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር የቤተሰቡን ልጅ ሁሉ ይሰበስባሉ፤ እኛ ከአዋሽ፣ የአክስቴ ልጆች ከሰመራ። ያ የተቃጠለ ግቢ በልጅ ጫጫታ ይሞላል።

ቀን ቀን ከቆርቆሮው ቤት ውስጥ መቀመጥ ስለማይቻል ኑሯችን ውጭ ነበር። የምንተኛው ደጅ ላይ፣ የጠፍር አልጋ ደርድረን፣ አጎበር ሰቅለን ነው። ሐይቁ ዳር ጋሼ እንጨት ተክሏል፤ ከእንጨቱ አልፎ የገባ ልጅ አዞ ሳይበላው በፊት ጋሼ ራሱ እንደሚበላው ተነግሮናል። ስለዚህ ከእንጨቱ ወዲህ እንንቦጫረቃለን፣ በመንጠቆ ዓሣ እናጠምዳለን፣ ጨው ነስንሰን ጣራ ላይ እናደርቃለን። ወደ አዋሽ ስንመለስ ለእማዬ የምንወስድላት ስጦታ ይኼው የደረቀ ዓሣ ነው። እሷም ሽታው ሳይሆን እኛ እንደናፈቅናት እያስመሰለች አፍንጫዋን ይዛ ትስመናለች።

እኔ የምውለው ፋጡማ ከምትባል የአፋር ልጅ ጋር ነበር። ቤተሰቦቿ ፍየሎቻቸውን ይዘው ካምፑ አጠገብ ይሰፍራሉ። ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ ክረምቱን ሁሉ ከእሷ ጋር ስለምሮጥ አፋርኛ ሳላስበው ገባብኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ከናቲ በቀር መቻሌን ልብ ያለም የለም። ቤት ስገባ አማርኛ፣ ውጭ ስወጣ አፋርኛ ነው። ጋሼ ራሱ ውሃ ስጡኝና ደህና አደራችሁ ከማለት ያለፈ የምናውቅ አይመስለውም ነበር።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ፣ ወደ ኋላ ያስፈልገናል። አፋር መንገድ ላይ ከሰው ጋር ሲገናኝ ዝም ብሎ አያልፍም። ይቆማል፣ ጥላ ፈልጎ ቁጢጥ ይላል፣ ያየውንና የሰማውን አንድ ሳያስቀር ይናገራል፤ ከዚያ የሌላውን ይሰማል። ዳጉ ይባላል። ሣር የት እንደበቀለ፣ ወንዙ የት እንደሞላ፣ ማን እንደወለደ፣ ማን እንደሞተ። ቸኩዬ ነው ማለት ነውር ነው፤ ዳጉ ላይ መዋሸት ደግሞ ከነውርም በላይ ነው። ጋሼ የዕድሜውን ግማሽ እዚያ የኖረ ሰው ስለሆነ ለዳጉ የተቀመጠ እንደሆነ አፋር ሆኖ ይነሣል።

ያ ክረምት የመጨረሻችን እንደሚሆን የነገረን የለም። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ናቲ ሰባት። ናቲ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ዓሣ ያጠመደበት ክረምት ነው። መዳፍ የማይሞላ ዓሣ ነው፤ እሱ ግን በፌስታል ጠቅልሎ ትራሱ ሥር እያሳደረ ሁላችንንም አገማን። «የእማዬ ነው፤ ማንም እንዳይነካ» ይላል።

አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ነቃሁ። ጋሼ ታንከሩ ላይ ነበር። ካምፑ ውስጥ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ላይ ብቻ ስለሆነ ስልክ ለማውራት መሰላሉን መውጣት ግድ ነው። ሌላ ጊዜ ጋሼ ስልክ ሲያወራ ድምፁ ሐይቁ ማዶ ይሰማል። ያን ቀን ግን ስልኩን ጨርሶ እግሮቹን አንጠልጥሎ ዝም ብሎ ተቀምጧል። እትዬ ሀሊማ ከታች ሆና «ምንድን ነው? ጌታቸው፣ አናግረኝ እንጂ!» ትለዋለች። ቆይቶ ወረደና በጆሮዋ አንድ ነገር ነገራት። አፏን በሻርፗ አፈነች። «ያ ረቢ» ስትል ብቻ ሰማኋት።

ትንሽ ቆይታ ወደ አልጋዬ መጣች።

«መሲዬ፣ ተነሽ እናቴ። ዛሬ ወደ አዋሽ ትሄዳላችሁ።»

«ትምህርት እኮ ገና ነው።»

«እናታችሁን ትንሽ አሟታል። ልያቸው ብላ ነው።»

«ምኗን?»

«ራሷን» አለች። ወዲያው ደግሞ «ሆዷን» አለች።

በአገራችን «ትንሽ አሞታል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ገና ልጅ ነኝ፤ ግማሹን አውቃለሁ፣ ግማሹን ማወቅ አልፈልግም። ቀይ ቀሚሴን ልለብስ ሳነሣው እትዬ ሀሊማ ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው። ሰማያዊውን ሰጠችኝ። የራሷን ጥቁር ሻሽ አውጥታ «ለፀሐዩ ይሆንሻል» ብላ አሰረችልኝ። ፀሐይ ገና አልወጣችም ነበር። እሷ ከአክስቴ ልጆች ጋር መቅረት ስላለባት በካምፑ ፒካፕ ላይ ሦስታችን ብቻ ተነሣን፤ ጋሼ፣ እኔና ዓሣውን የታቀፈው ናቲ።

ጋሼ ሲነዳ ያየ ሰው ሁለተኛ አብሮት አይሳፈርም። ያን ቀን ግን እንደ እንቁላል ሻጭ ተጠንቅቆ ይነዳል። ጭነት ያጨቀ ከባድ መኪና ሳይቀር ጥሩንባ እየነፋ ይቀድመናል። ሬዲዮ አልከፈተም። ሰመራ ስንደርስ ቁርስ ብሎ ከሚያውቃት ሴት ምግብ ቤት አስገባን። ሴትዮዋ ናቲን አቅፋ «የኔ ጌታ» አለችና ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ሮጠች። ቁርሱን ያመጣችልን ሌላ ልጅ ናት። ጋሼ አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ እኛን ሲያይ ቆየ።

«ጋሼ፣ እንፍጠን እንጂ። እማዬ እየጠበቀችን አይደል?» አልኩት።

«እንደርሳለን። መንገዱ የትም አይሄድም» አለኝ። ዓይኔን አላየኝም።

ሚሌን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ከመንገዱ ዳር አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ወደ ላይ አነሡ። ሁመድ ናቸው፤ የጋሼ የድሮ ወዳጅ። ግመሎቻቸው ከግራር ሥር ቆመዋል። ጋሼ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አንሥቶ ሊያልፍ ሲል አየሁት። ከዚያ ተነፈሰና ዳር ይዞ ቆመ። ሁመድን አይቶ ማለፍ የሚችል ሰው አልነበረም።

ሁለቱ ግራሩ ጥላ ውስጥ ቁጢጥ አሉ። እኔና ናቲ ከመኪናው ወርደን ትንሽ ራቅ ብለን ተቀመጥን። ናቲ ዳጉ ይወዳል፤ ግን ቋንቋው ስለማይገባው ሁልጊዜ እኔን በክርኑ እየጎሸመ በሹክሹክታ ያስተረጉመኛል።

«ምን አሉ?»

«ታች በኩል ዝናብ ጥሏል እያሉ ነው። ሣር አለ።»

«አሁንስ?»

«አንዲት ግመል ጠፍታባቸው ነበር። ተገኘች።»

«ወልዳ ነው?»

«ዝም በል፣ ላዳምጥ።»

ሁመድ የራሳቸውን ጨረሱ። ተራው የጋሼ ሆነ። ጋሼ መሬቱን በጣቱ ጫር ጫር አደረገ። ወደ እኛ አየ። ናቲ በፌስታሉ እየተጫወተ ነው፤ እኔ ደግሞ ግመሎቹን የማይ መሰልኩ። ከዚያ ጋሼ በአፋርኛ ጀመረ፤ ድምፁ እንደወትሮው ነበር። የሐይቁ ውሃ መሸሹን ተናገረ። የፓምፑ ቀበቶ መበጠሱን ተናገረ። ቀጥሎ እንዲህ አለ፦

«ትናንት ማታ እህቴ ሞተች። የእነዚህ ልጆች እናት ናት። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላ፣ ወደ ማታ ራሴን አለች፣ ወንበር ይዛ ቁጭ አለች፣ ከዚያ ወደቀች። ሐኪም ቤት ሳትደርስ አለቀች። ታናሼ ናት። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት ናት። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትቀበራለች። ልጆቹ አያውቁም። ከቀብር በኋላ እንድደርስ ነው የታዘዝኩት፤ አዋሽ አርባ ዘመድ ቤት አሳድራቸዋለሁ፣ ነገ ጧት ሽማግሎች መጥተው ያረዷቸዋል። ዳጉዬ ይኸው ነው።»

እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ። አንድም ያልገባኝ አልነበረም። የሚገርማችሁ፣ ያኔ ያሰብኩት ስለ ሞት አልነበረም። አዝዬ ያሳደግኳት ያለውን ነበር ያሰብኩት፤ እማዬ ታዝላ፣ ትንሽ ሆና።

ናቲ ጎሸመኝ። «አሁንስ ምን አለ?»

«ስለ ፓምፑ ነው» አልኩት።

ከአፌ ሲወጣ ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም፤ የእትዬ ሀሊማ ነበር፤ ራሷን፣ ሆዷን። ጧት ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚያደርገኝን እኔም ወንድሜን እያደረግኩት ነው። እንደዚህ ከቀጠለ እስከ ነገ ጧት እያወቅኩ የማላውቅ፣ ከአንድ ከተማ ርቀት ላይ ሆኜ እናቴ ስትቀበር ዘመድ ቤት ሻይ የምጠጣ ልሆን ነው። ተነሣሁና ሁመድ ፊት ሄጄ እንደ እነሱ ቁጢጥ አልኩ።

«አባባ ሁመድ፣ እኔም ዳጉ አለኝ» አልኳቸው በአፋርኛ።

ጋሼ ቀና አለ። በእጁ ይዞት የነበረው የመኪና ቁልፍ አፈር ላይ ወደቀ።

ሁመድ አልደነገጡም፤ ወይም ድንጋጤያቸውን አላሳዩኝም። ለትልቅ ሰው እንደሚያደርጉት እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ጨበጥኳቸው። «ከየት ትመጫለሽ? ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?» አሉኝ።

«ከሐይቁ ነው የምመጣው። ውሃው ሸሽቷል። ወንድሜ አንድ ዓሣ ይዟል። ፋጡማ ደህና ናት፤ ፍየሎቻቸው ደህና ናቸው። እናቴ ትናንት ማታ እንደሞተች ሰማሁ። የሰማሁት አሁን፣ እዚህ ነው። የምትቀበረው ዘጠኝ ሰዓት ነው። እኔ ገና መንገድ ላይ ነኝ። ዳጉዬ ይኸው ነው።»

ይህን ተናግሬ ስጨርስ አለቀስኩ። ሁመድ እስክጨርስ ጠበቁኝ። አይዞሽ አላሉኝም፣ ዝም በይም አላሉኝም። እንባዬ ጋብ ሲል ብቻ ወደ ጋሼ ዞሩ።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ልጅቱ ዳጉዋን በትክክል ተናግራለች። ከእንግዲህ የሚደበቅ የለም። ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ለአባቷ ቃል ሰጥቻለሁ። ሽማግሎቹም ተስማምተዋል። ልጅ አትችልም ብለው ነው...»

«አንተስ? እህትህን ማን ይሸኝልሃል?»

ጋሼ አለቀሰ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኛ እንዳናውቅ ሲል እሱም ቀብሯን ሊቀር ነበር። በጀርባው ያዘላትን እህቱን አፈር ሲያለብሷት ሳያይ፣ መንገድ ላይ ሆን ብሎ እየዘገየ፣ ፊቱን ከእኛ እየደበቀ ሊውል። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር። ሁመድ ቁልፉን ከመሬት አንሥተው እጁ ውስጥ አስገቡለት። አፋር ዳጉ ጨርሶ ሲለያይ ስንብቱ ብቻውን ረጅም ነው፤ እሳቸው ግን «ሂዱ፣ ሂዱ» ብቻ ብለው በዱላቸው መንገዱን አሳዩን።

አሁን ጋሼ እንደ ጋሼ ነዳ። ናቲ መሐላችን ተቀምጦ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል።

«ጋሼ ለምን ያለቅሳል?»

እኔ የናቲን እጅ ያዝኩ።

«ናቲዬ፣ እማዬ ሞታለች።»

«ውሸትሽን ነው።»

«እውነቴን ነው። ጋሼ ለአባባ ሁመድ ሲነግራቸው ነበር። ቅድም የዋሸሁህ እሱን ነው።»

የፌስታሉን ጆሮ ሲፈታና ሲቋጥር ቆየ። በመጨረሻ «ዓሣውንስ ለማን ልስጠው?» አለኝ። ጋሼ መኪናውን ሊያቆም ምንም አልቀረውም። ናቲን በአንድ እጁ ወደ ራሱ ጎትቶ፣ በሌላው መሪውን ይዞ፣ እንደዚያው ቀጠለ።

ገዋኔ ስንደርስ ስልኩ ኔትወርክ ያዘ። የአባዬ ስልክ ዝግ ነው። ነገሩን የያዙትን የሰፈር ሽማግሌ አገኛቸውና ድምፃቸው እስከ እኔ ድረስ መጣ።

«ጌታቸው፣ አብደሃል እንዴ? ተስማምተን አልነበረም?»

«ልጆቹ አውቀዋል፤ ነገሩ አልቋል። ትንሽ ብቻ ጠብቁን። እባክዎን!»

«አስከሬን በዚህ ሙቀት እንዴት ይቆያል? ቄሶቹ መጥተዋል። ሕዝቡ ተሰብስቧል።»

«በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ።»

«እስቲ እሞክራለሁ» አሉና ስልኩ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ዛሬም ሳልፍበት ሰዓቴን አያለሁ። አንድ ቦታ ላይ ከጅቡቲ የመጣ ከባድ መኪና መንገዱን ዘግቶ ተገልብጧል። ከፊታችን የመኪና ሰልፍ ቆሟል፤ ሾፌሮች ከመኪናቸው ሥር ሰሌን አንጥፈው ተኝተዋል። ጋሼ ወርዶ እየሮጠ አንዱን ጠየቀ፣ ሌላውን ለመነ። አንድ ረዳት ሮጦ መጣና ከመንገዱ ወጥተን በጠጠሩ በኩል እንድናልፍ ከፊት ከፊት እየሄደ ድንጋይ አነሣልን። ምን እንደደረሰብን ጋሼ ነግሮት ነበር፤ ስናልፍ ኮፍያውን አወለቀ። ያንን ልጅ ስሙን እንኳ አላውቀውም። እኔ ግን ሰዓቱን እያየሁ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት የሆነው ገና በረሃው መሐል እያለን ነው። ጋሼ ሰዓቱን ሳየው አየኝ። ፍጥነቱን ግን አልቀነሰም።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ስንገባ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነበር።

ከሩቅ ነው ያየኋቸው። መንገዱን ሞልተውታል፤ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ያጣፉ ሴቶች፣ ጃንጥላ የያዙ ወንዶች። ወደ ቀብር እየሄዱ እንደሆነ ለራሴ ነገርኩት። ግን ፊታቸው ወደ እኛ ነው። ጋሼ ፍሬን ያዘ፤ መሪው ላይ ግንባሩን ጣለ።

ቀጥሎ የሆነውን ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም። አንዲት ሴት «ልጆቹ! ልጆቹ መጡ!» አለች። ለቅሶው ቆመ። ያ ሁሉ ሕዝብ ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን በጥድፊያ አስተካከሉ፤ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ሳቁልን። አዎ፣ ሳቁልን። ጉንጫቸው ላይ እንባው ገና አልደረቀም።

«መጣችሁ የኔ ልጆች? እንዴት አድጋችኋል!»

«ናቲዬ፣ ዓሣ ይዘህልን መጣህ?»

አንዷ ጎረቤታችን፣ ከእማዬ ጋር በየቀኑ የምትጣላና የምትታረቅ ሴት፣ እጇን በአፏ ላይ ጭና እየሳቀች ትንቀጠቀጣለች። አንድ ሰው «ከታች ሰፈር ሰው ሞቶብን ነው የምታዩን» አለ። አባዬ ከሕዝቡ መሐል ወጣ። ጉልበቱ ላይ ቀይ አፈር አለ። ፊቱ እንቅልፍ ያጣ፣ ያረጀ ነው። እሱም ሊስቅ ሞከረ። አልሆነለትም።

«እናታችሁ አዳማ ሆስፒታል ናት» አለ። «ነገ ጧት... ነገ ጧት እንሄዳለን።»

ሽማግሌው ማወቃችንን ለእሱም አልነገሩት ኖሯል። ልጮህ እችል ነበር። ቀበራችኋት፣ አልጠበቃችሁኝም ልል እችል ነበር፤ ተናድጄም ነበር፣ ከመናደድም በላይ። ግን አባዬ ያንን ቃል ሲናገር ከንፈሩ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ አየሁ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ሲለማመደው የዋለው ቃል ነው። እጁን ይዤ መንገዱ ዳር ወስጄ አስቀመጥኩት። እኔም ፊቱ ቁጢጥ አልኩ።

«አባዬ፣ መሞቷን ሰምቻለሁ። ናቲም ያውቃል። አሁን ከመጀመሪያው ንገረኝ። ምንም ሳታስቀር።»

ሽማግሎቹ ሊያቋርጡን ፈለጉ። «ይህ ወጉ አይደለም» አሉ አንደኛው። ጋሼ ከኋላዬ መጥቶ ቆመና «ይንገራት» አለ።

አባዬ ነገረኝ። መጀመሪያ ቃሉ አልወጣለትም፤ ከዚያ እንደ ጎርፍ ወጣ። ሽንኩርት እየላጠች እንደነበር፤ «ልጆቹ ዛሬ አልደወሉም?» ብላ እንደነበር፤ ራሷን ይዛ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ትንሽ ልረፍ እንዳለች፤ ባጃጁ ውስጥ ጭንቅላቷ ጭኑ ላይ እንደነበር፤ ከአንገቷ ሥር ላቧን በእጁ እንደጠረገላት፤ አስከሬኗን ማን እንዳጠበው፤ የትኛውን ቀሚሷን እንዳለበሷት። ነጩን፣ ጥልፉ አረንጓዴ የሆነውን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽማግሌው ምክንያቱን ሳይናገሩ ቄሶቹን ለምነው ጥቂት እንዳቆዩ፤ ከዚያ በላይ እንዳልተቻለ። ስሙን ጠርታው እንደነበር፤ የመጨረሻ ቃሏ እሱ እንደሆነ። ይህንን ለማንም አልነገረም ነበር።

ጨርሶ ሲያበቃ ናቲ ጭኑ ላይ ወጣ። ያን ጊዜ ያ ሳቅ የተለጠፈበት ሕዝብ ሁሉ አለቀሰ። እውነተኛ ለቅሶ ነበር፤ ከእኛ ጋር ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ አባዬ፣ ጋሼ፣ ናቲና እኔ ወደ መቃብሩ ወጣን። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ናቲ ዓሣውን ከፌስታሉ አውጥቶ እዚያው ቀበረው። ማንም ነውር ነው አላለውም።

ሐይቁ ዳር ክረምት ማሳለፍ በዚያው ቀረ። እኔ ለአባዬ ምግብ አብሳይ ሆንኩ፣ ናቲ ያለ እኔ አልሄድም አለ፣ የሰመራ ልጆችም አንድ አንድ እያሉ ቀሩ። እትዬ ሀሊማ በዚያ ጸጥታ ውስጥ እንዴት እንደኖረች ዛሬ ሳስበው ያመኛል። እናታችንን ብቻ አይደለም የቀበርነው፤ ያንን ግቢ አብረን ቀብረነዋል።

አሁን ሰመራ ነው የምኖረው፤ ባል አለኝ፣ ሴት ልጅ አለችኝ፣ ልብስ እሰፋለሁ። ይህን የምታነቡ ሰዎች ሆይ፣ መርዶን በወጉ የሚነግሩትን ሽማግሎች አትናቋቸው፤ እኔም አልወቅሳቸውም። የሚደብቁን ስለሚወዱን ነው። ጧት፣ ከእንቅልፍ በኋላ፣ ሰው በዙሪያችን ቆሞ እንድንሰማው ነው። ግን እባካችሁ ልጁንም አስቡት። ልጅ ያውቃል። በጥቁር ሻሽ፣ በዘገየ መኪና፣ ቁርስ ይዛ መምጣት ባቃታት ሴት ያውቃል። የሚቀርበት ማወቁ ሳይሆን መሸኘቱ ነው። እኔ እናቴን አልሸኘኋትም፤ ይህ ከሆዴ አይወጣም። አባዬ የነገረኝ ግን አለኝ። ሽንኩርቱ፣ ላቧ፣ አረንጓዴው ጥልፍ። እነሱ ባይኖሩኝ ኖሮ እናቴ ከአውቶቡስ መስኮት ውጭ እጇን እያውለበለበች የቀረች ሴት ብቻ ትሆንብኝ ነበር።

አባዬ ያረፈው አምና ነው። ሲታመም ጋሼ፣ ሽማግሌ ሆኖ ዱላ ይዞ፣ አዋሽ ሄዶ አስታመመው። እኔ ልብስ እየሰፋሁ ሳለ ስልኬ ጠራ።

«መሲ፣ ቁጭ ብለሻል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አባትሽ አሁን አረፈ። እጁን ይዤ ነበር። አልተጨነቀም፤ ውሃ ጠይቆኝ ሰጠሁት፣ ሁለት ጊዜ ተጎነጨ፣ አንቺንና ናቲን አነሣ። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። ለሁሉም ነግሬያለሁ፤ አንቺ ሳትደርሺ አፈር አይነካውም።»

አለቀስኩ። ስልኩን አልዘጋውም፤ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

ደረስኩ። ልጄንም ይዤ ነበር የሄድኩት፤ መንገድ ላይ ሁሉንም ነግሬያታለሁ።